በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ስላለው የጽሕፈት ጠረጴዛና ስለ መሣሪያዎቹ

የጽሕፈት ጠረጴዛ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በአዲስ አበባ ሱቆች መስታወት ውስጥ ወደሚታየው ዕቃ ነው፤ ይኸውም የሚሽከረከር ወንበር፣ ሰፊ ስክሪን፣ ሽቦ የሌለው ኪቦርድና ይህን የመሰለው ሁሉ ነው። ዕቃው መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ፈጽመው ሥራ ሲይዙ የሚደርሳቸው ክፍል እንዲህ ያለ አይደለም። ዕጣቸው ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ፊልቱ ወይም ዶሎ ኦዶ ሊሆን ይችላል። በዚያ የሚጠብቃቸው ጠረጴዛ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ በላዩስ ላይ ምን ምን ቢኖር እንደሚጠቅም በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጥ እሞክራለሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ በክረምት ዕረፍት ጊዜ ከነዚህ ከተሞች በአንዲቱ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። አንድ አርብቶ አደር ሽማግሌ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ከጥምጥማቸው ውስጥ ስምንት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ወረቀቱ በድርቁ ጊዜ ለማኅበራቸው መኖ የገዙበት ደረሰኝ ነበር፤ ነገር ግን በላዩ ላይ አንድም ፊደል አይታይም፤ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ወጣቱ ጸሐፊ በትሕትና ተነሥቶ የቀድሞውን መዝገብ ፈለገ፤ መዝገቡ ግን ተራ ቁጥር አልነበረውም። በመጨረሻም «አባቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቢመለሱ ይሻላል» አላቸው። ሽማግሌው በኦሮምኛ የመለሱለት ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ያለ ነው፦ «ወረቀቱን እኔ አልጣልኩትም፤ ጽሕፈቱ ነው እኔን ጥሎኝ የሄደው።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተርም፣ ፕሪንተርም፣ ጥሩ ወንበርም ነበረ። የጎደለው ሌላ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጠረጴዛ ዕቃ ጠቃሚነት የሚለካው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ዕቃ ባለጉዳዩን ከሁለተኛ ጉዞ ያድነዋልን? የሚል ነው።

ስለ ስፍራው ጠባይ

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአለታ ወንዶና በክብረ መንግሥት አልፎ ወደ ዶሎ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ነው። በኬንያ ወሰን ላይ ያለችው ሞያሌ ወደ 1,100 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው የጁባን ወንዝ በሚሠሩበት አካባቢ ያለችው ዶሎ ኦዶ ግን ከፍታዋ 200 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰው 1,000 ሜትር ወደ ቆላ በወረደ ቁጥር ሙቀቱ 6 ወይም 7 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ በነገሌ የሚስማማ ዕቃ ሁሉ በዶሎ ይስማማል ማለት አይቻልም።

ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ቦረናዎች ገና የሚሉት ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ሀገያ የሚሉት አጭሩ ዝናብ ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይቆያል። ከኅዳር በኋላ እስከ የካቲት ያለው ደረቁና ሞቃቱ ወራት ቦና ይባላል። በቦና አቧራው ይነሣል፤ በገና ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ምስጥ ግን በሁሉም ወራት ሥራውን አያቋርጥም። በያቤሎ አካባቢ በመንገድ ዳር ያለፈ ሰው ከሰው ቁመት በላይ እንደ ጭስ ማውጫ የቆመውን የምስጥ ኩይሳ አይቶ ይህን ያውቃል።

እንግዲህ የቆላው ጠረጴዛ ጠላቶች አምስት ናቸው። እነሱም ሙቀት፣ አቧራ፣ ምስጥ፣ የመብራት መቋረጥና የመንገድ ርቀት ናቸው። አምስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም የቀሩት አራቱ ያበላሹትን ነገር ዋጋውን የሚከፍለው ከሩቅ የመጣው ሰው ነው።

1ኛ፤ ስለ ጠረጴዛውና ስለ አቀማመጡ

ጠረጴዛው ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው ለመካከለኛ ሰው ይስማማዋል። ሰው ሲቀመጥ እግሩ መሬት መርገጥ፣ ክንዱም ከጠረጴዛው ጋር እኩል መሆን አለበት። ወንበሩ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ትራስ መጨመር፣ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ከእግር በታች ጣውላ ማድረግ ነው፤ ለዚህ የሚሽከረከር ወንበር ግዴታ አይደለም። ላፕቶፕ ለብቻው ሲሆን ስክሪኑ ዝቅ ስለሚል አንገትን ያጐብጣል። ስለዚህ ላፕቶፑን በእንጨት ማስቀመጫ ወይም በጥቂት ጠንካራ መጻሕፍት ከፍ አድርጎ የስክሪኑን ራስ ከዓይን ጋር ማስተካከልና ሌላ ኪቦርድና ማውዝ ከበታቹ መጠቀም ይገባል። ከፍ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሥሩ አየር ስለሚገባ ማሽኑ ቶሎ አይግልም።

ጠረጴዛውን የት እናኑረው? በአውሮፓ የተጻፉ የቢሮ መጻሕፍት «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አይገባበትም» ይላሉ። ይህ ለነሱ አገር እውነት ነው፤ ለነገሌ ግን አይደለም። ነገሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሆነች፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጳጉሜን መጀመሪያ የእኩለ ቀን ፀሐይ በስተሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ትዞራለች። ሆኖም በሁለቱም ወገን ፀሐይዋ ከራስ በላይ ስለምትሆን ሰፋ ያለ የቆርቆሮ ክፈፍ ይመልሳታል። ክፈፍ የማይመልሳት በምሥራቅና በምዕራብ ዝቅ ብላ ስትገባ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ከምዕራብ መስኮት ማራቅ፣ የሰሜን ወይም የደቡብ መስኮት በጸሐፊው ግራ እንዲሆን ማድረግ ጥሩ ነው። በግራ መሆኑም በቀኙ ለሚጽፍ ሰው የእጁ ጥላ በወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅበት ነው።

2ኛ፤ ወረቀትን ስለሚጠብቁ ዕቃዎች

በመጀመሪያ የወረቀት መጫኛ ያስፈልጋል። በከተማችን ይህ ዕቃ ጌጥ ሆኗል፤ በቦና ነፋስ ጊዜ ግን መስኮት ክፍት ካልሆነ መቀመጥ አይቻልም፤ መስኮት ክፍት ሆኖ መጫኛ ከሌለ ደግሞ ወረቀቱ ይበተናል። ከወንዝ የተለቀመ ለስላሳ ድንጋይ ይበቃል።

ሁለተኛው አግራፍና ስቴፕለር ነው። አግራፍ ለጊዜው ነው፤ ስቴፕለር ለዘለቄታው ነው። ማመልከቻና አባሪው በአግራፍ ብቻ ተያይዘው ወደ መዝገብ ቤት ከገቡ፣ አባሪው ከሌላ ሰው ማመልከቻ ጋር ተጣብቆ ሊሄድ ይችላል። በስፒል መውጋት ግን እጅንም ወረቀትንም ያቆስላልና ቢቀር ይሻላል። ወረቀቱ ወደ ክላሰር የሚገባ ከሆነ መብሻው ሁልጊዜ በወረቀቱ መካከል እንዲበሳ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጠርዙ ወጥቶ ይቀደዳል።

ሦስተኛው መደርደሪያው ነው። ከብረት የተሠራ ቁም ሣጥን ቢገኝ መልካም ነው። የእንጨት ከሆነ ግን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል መራቅ አለበት፤ እግሮቹም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ቢቆሙ ምስጥ አይወጣበትም። ምስጥ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ስለሚጓዝ፣ አንድ መጥረጊያ እንኳ መደርደሪያውን ከግድግዳው ጋር አስደግፎ ቢገኝ ድልድይ ይሆነዋል። የታችኛው መደርደሪያም ከመሬት ከፍ ይበል፤ በገና ዝናብ ውሃ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

አራተኛው ስለ ቀለም ነው። ሽማግሌውን ያጋጠማቸው ነገር ምክንያቱ ይህ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚያወጣው ደረሰኝ ቀለም የለውም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅመም የተቀባ ነው፤ ማሽኑም የሚጽፈው በሙቀት ነው። በሙቀት የተጻፈው በሙቀት፣ በፀሐይ፣ በላብና በቅባት ይጠፋል። በራስ ጥምጥም ወይም በኪስ ውስጥ ሁለት ቀን በፀሐይ የሚጓዝ ሰው እነዚህን አራቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ደረሰኙ እንደ ቀረበ በዚያው ሰዓት በተራ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ በጀርባው በእስክሪብቶ መጻፍ ነው። ይህ ሥራ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

በእጅ ስንጽፍም ልዩነት አለ። የተራው እስክሪብቶ ቀለም ቅባት ስላለበት በውሃ ቶሎ አይለቅም፤ ውሃ ያለበት ቀለም ግን አንድ ጠብታ ሲያገኘው ይፈስሳል። እርሳስ ደግሞ ፀሐይም ውሃም አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ላጲስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለፊርማና ለገንዘብ እስክሪብቶ፣ በፋይሉ ሽፋን ላይ ለሚጻፍ መለያ ምልክት እርሳስ እንዲሆን እንመክራለን።

3ኛ፤ በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ ዕቃዎች

ከነገሌ በስተሰሜን በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራው ገናሌ ዳዋ ሦስት የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ2012 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኀይሉም 254 ሜጋ ዋት ነው። ሆኖም ኀይል ከማመንጫው እስከ ጠረጴዛው ድረስ ብዙ ምሰሶና ሽቦ አልፎ ስለሚመጣ፣ ማመንጫ አቅራቢያ መኖሩ ብቻውን መብራት አይቋረጥም ማለት አይደለም። በተለይ የሚጎዳው መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኀይሉ ከልኩ በላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ስታቢላይዘር መግዛት፣ ይህም ካልተቻለ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ይገባል።

ፕሪንተር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በደረቅ አየርና ሥራ በማይበዛበት ስፍራ ቀለሙ በቀዳዳው ላይ ይደርቅበታል፤ ጽሕፈቱም ብዙ ጊዜ በውሃ ይለቃል። ሁለተኛው በቶነር የሚሠራው ነው። ቶነር ደረቅ ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም፤ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅም ውሃ አያጠፋውም። ለቆላው ከተማ የሚስማማው ይህ ነው። ጉድለቱ ግን ሊታወቅ ይገባል፤ ዱቄቱን ለማቅለጥ ብዙ ኀይል በአንድ ጊዜ ስለሚስብ፣ በትንሽ ዩፒኤስ ወይም በትንሽ ሶላር ላይ ሊሰካ አይገባውም። ዩፒኤሱ ለኮምፒዩተሩ ብቻ ይሁን።

ባትሪም እንደ ሰው ሙቀት ይጎዳዋል። የዩፒኤስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በዶሎ የቀን ሙቀት ብዙ ጊዜ 35 ዲግሪ ስለሚደርስ፣ በደጋ ለአራት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ በዚያ በሁለት ዓመት ቢደክም ሻጩን መውቀስ አይገባም። ባትሪውን ከቆርቆሮ ግድግዳ አርቆ፣ በጥላና አየር በሚገባበት ማኖር ዕድሜውን ያረዝማል። ላፕቶፕንም በቆመ መኪና ውስጥ መተው እንዲሁ ጉዳት ነው።

ለአቧራ አንድ የቀለም ቅብ ብሩሽና አንድ የጥጥ ጨርቅ ይበቃሉ። በየሳምንቱ መጨረሻ ማሽኑ ተዘግቶ የአየር ማስገቢያው በብሩሽ ይጠረጋል፤ ማታ ማታ በጨርቅ ይሸፈናል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ መሸፈን ግን ማፈን ነው።

የቋንቋ ነገርም አለ። በነገሌና በያቤሎ ያሉ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት በላቲን ፊደል በኦሮምኛ ነው፤ በፊልቱና በዶሎ ኦዶ ሶማሊኛ ይጻፋል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በአማርኛ ይጽፋሉ። በሞያሌ ሦስቱም በአንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የግእዝ ፊደል መጻፊያም ሊኖረው ይገባል። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ አቆጣጠር ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በአሮጌ ማሽን ውስጥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለው ሰው፣ ማሽኑ ሳይሞት በፊት በወረቀት አትሞ ያስቀምጠው። ከዚህም ሌላ ማናቸውም ጽሑፍ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱም ከዚያ ቤት ውጭ ይቀመጥ። በአንድ ኪስ ውስጥ ያሉ ሁለት ፍላሾች እንደ አንድ ይቈጠራሉ።

4ኛ፤ ባለጉዳዩ ስለሚጠቀምባቸው ዕቃዎች

የቢሮ ዕቃ ዝርዝር ሲወጣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለሱ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ መቀመጫ አግዳሚና የመጠጥ ውሃ። ሁለተኛ፣ ፊርማ ለማይችል ሰው የጣት አሻራ ማድረጊያ፤ የማኅተም ቀለሙ በሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ክዳኑ ሁልጊዜ ይዘጋ። ከዚሁ ጋር ጣት መጥረጊያ ጨርቅና ሳሙና መኖር አለበት፤ በገዛ ልብሱ ጣቱን እየጠረገ የሚወጣ ሽማግሌ ማየት ለኛ ነውር ነው። ሦስተኛ፣ አንድ የንባብ መነጽር። አራተኛ፣ የፕላስቲክ ከረጢት፤ ወረቀት ይዞ ለሚመለስ ሰው አንድ ቀጭን ከረጢት ሰጥቶ ማጠፍ እንደማይገባው መንገር ብዙ ጉዳይ ያድናል።

5ኛ፤ ስለ መዝገብና ስለ ማኅተም

ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ኤሌክትሪክ የማይፈልገው የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ነው። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የባለጉዳዩ ስም ከነአያቱ፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የጉዳዩ ባሕርይና ፋይሉ ያለበት ስፍራ፤ እነዚህ ስድስት ዓምዶች በማስመሪያ ተሠምረው በየቀኑ ከተሞሉ፣ ደረሰኙ ቢጠፋ እንኳ ሰውየው አይጠፋም። ለባለጉዳዩም ቁጥሩን በትንሽ ወፍራም ወረቀት ጽፎ መስጠት ይገባል። የቀን ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት በመጣው ወረቀት ሁሉ ላይ በዕለቱ ይርገጥበት፤ «መቼ አመለከቱ?» የሚለው ክርክር በዚህ ይቀራል።

ይህ በነገሌ የተለየ ትርጉም አለው። ከተማይቱ በቀድሞው ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የጉጂ ዞን ሲቋቋም የዚያ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲመሠረት የአዲሱ ዞን ዋና ከተማ ተባለች። በያንዳንዱ ለውጥ የደብዳቤው ራስጌና ማኅተሙ ይለወጣል፤ መዝገብም ከቤት ወደ ቤት ይጓዛል። ባለጉዳዩ ግን ያው ሰው ነው፤ በእጁ ያለውም የቀድሞው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ስለዚህ ፋይል ሲዛወር የተዛወረውን በዝርዝር ጽፎ በሁለት ቅጂ መፈራረም፣ አንዱንም ቅጂ በነበረበት መተው የግድ ነው።

የወረቀቱ ዋጋ በድርቁ ጊዜ በግልጥ ታይቷል። ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ዝናቡ በተከታታይ አምስት ወቅት ሳይሆን ቀረ፤ ከብቱም እጅግ አለቀ። በዚያን ጊዜ መኖና እህል የሚታደለው በስም ዝርዝር ነበርና ስሙ ያልተጻፈ ወይም በስሕተት የተጻፈ ሰው ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም።

ማጠቃለያ

የቦረና ሕዝብ ያለ ወረቀትና ያለ ጠረጴዛ ብዙ ነገር በሥርዐት ይዞ የኖረ ነው። አያንቱ የሚባሉት ዐዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እየተመለከቱ የቀን አቈጣጠሩን በአእምሯቸው ይጠብቃሉ፤ በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕጉ በቃል ይታወጃል። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ዘንድም አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ፤ ሥራውም የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ ተራውን መጠበቅ ነው። ሄሬጋ ማለት ቍጥር ማለት ነው። ተራው በትክክል ስለሚጠበቅ ከሩቅ የመጣ መንጋ ሳይጠጣ አይመለስም።

የኛም ጠረጴዛ ከዚህ የተለየ አይደለም። ገንዘብ ጥቂት የሆነ እንደ ሆነ በመጀመሪያ መዝገቡን፣ እስክሪብቶውን፣ ማስመሪያውንና የቀን ማኅተሙን እንግዛ፤ ቀጥሎ ምስጥ የማይደርስበትን መደርደሪያ እናሠራ፤ ቀጥሎ ስቴፕለሩንና ክላሰሩን፤ ከዚያ በኋላ ባለ ቶነሩን ፕሪንተርና ስታቢላይዘሩን እናስከትል። የሚሽከረከረው ወንበር መጨረሻ ቢመጣ የሚጎዳ ሰው የለም።

ሽማግሌው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው እንደሆነ አላየሁም፤ የዕረፍቱ ጊዜ አልቆ ወደ ትምህርቴ ተመልሻለሁ። ከመነሣቴ በፊት ግን ወጣቱ ጸሐፊ ዐዲስ መዝገብ ከፍቶ፣ በማስመሪያ ዓምድ እየሠራ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሳቸውን ስም ሲጽፍ አይቼዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተረፈ ወይም የጎደለ ነገር ያገኘ አንባቢ፣ በተለይም የዚያ አገር ተወላጅ የሆነ፣ ቢያርመኝ በደስታ እቀበላለሁ።